ወይንህን የጠጣሁበት ዓመት

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር 9

ከዓይኔ ርቀህ ከሐሳቤ ላልራቅኸው ልጄ፣

እንዴት ነህ የኔ ዓለም? ጉንፋኑ ለቀቀህ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ስወጣ እንደ አሮጌ በር ይጮሃል። አባትህም ደህና ነው። አሁን እንኳ ታች የዕንጨት ወርክሾፑ ውስጥ መላጊያውን ሲገፋ ይሰማኛል። እሑድ ነው ብለው ማን ሰምቶኝ!

ያ ሳጥን የደረሰን አምና በዚህ ሰሞን ነበር፤ አንተ ጠምቀህ የላክኸው የመጀመሪያው ወይን። አባትህ ዞር ብሎም አላየው። "ደግሞ ቤቴ ውስጥ መጠጥ!" አለና ወረደ። ወርክሾፑን ትተህበት ከሄድክ ወዲህ ስምህን አይጠራም ነበር፤ "ያ ልጅ" ነበር የሚልህ። እኔ ግን የልጄ እጅ የነካውን እንዴት ብዬ ልመልስ? አልጋ ሥር አስገባሁት። እሑድ እሑድ እሱ ታች ሲሆን፣ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ በሻይ ብርጭቆ እቀዳለሁ።

መጀመሪያ እንደ መድኃኒት ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምውጠው። ኮመጠጠኝ። "ይሄ ልጅ ለዚህ ነው አገር ያቋረጠው?" አልኩ፤ አትቀየመኝ። ግማሹን ትቼ መጋረጃ ስሰፋ ቆይቼ ስመለስበት ግን ሌላ ወይን ሆኖ ጠበቀኝ። ለካ ጣዕሙ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ከዚያ ወዲህ አልቸኩልም። ፀሐይዋ ብርጭቆውን አልፋ የምሰፋው ጨርቅ ላይ ቀይ ብርሃን ትጥላለች፤ እሱን እያየሁ በሐሳብ ሽው እላለሁ። አይቼው የማላውቀው የወይን እርሻ ይታየኛል። ረድፉ ማለቂያ የለውም፤ ቅጠሉ ያንሾካሹካል፤ አንተ ከፊት ከፊቴ ትሄዳለህ። አልጠራህም። እርምጃህን ማየት ብቻ ይበቃኛል። ስባንን መርፌው እጄ ላይ ነው፣ ፀሐይዋም ግድግዳው ላይ ወጥታለች።

ወይንና መቀስ እንደማይስማሙም አውቄያለሁ። አንድ ቀን ሁለተኛ ብርጭቆ ደገምኩና የጎረቤታችንን የፋርማሲስቷን መጋረጃ አሳጥሬ ቆረጥኩት። ስትሰቅለው መስኮቱ አጋማሽ ላይ ቀረ። "እትዬ፣ መስኮቴን ቁምጣ አስለበሱት እኮ!" ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሌላ ሰፋሁላት፤ ምን አደርጋለሁ።

በልደትህ ቀን ደግሞ ናፍቆቴን ያስታግስልኛል ብዬ ጠጣሁ። ጭራሽ ናፍቆቱ ክፍሉን ሞላው። ሲከፋኝ ዳግመኛ እንደማልነካው ያን ቀን ወሰንኩ። እንባዬን ሳልጠርግ አባትህ ቅንድቡ ላይ ሰጋቱራ ይዞ ከች አለ። ጠርሙሱን የምደብቅበት ጊዜ አልነበረኝም። ይጮኻል ብዬ ስጠብቅ ቁጭ አለ። ቡሹን አንስቶ አሸተተው።

"የሱ ነው?"

"የሱ ነው።"

ከኔው ብርጭቆ ፉት አለ። ምስማር በአፉ እንደያዘ ሰው ከንፈሩን ገጠመ። "እንዴት ነው?" አልኩት።

"የበርሜሉ ዕንጨት በደንብ አልደረቀም።"

"እኔ ስለ ወይኑ ነው የጠየቅሁህ።"

"እኔስ ስለ ምን የነገርኩሽ መሰለሽ?"

ከዚያ በኋላ እሑድ በመጣ ቁጥር ሰበብ አያጣም። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ "መነጽሬን አይተሻል?" እያለ ይወጣል። ይጠጣል፣ ዕንጨቱን ይተቻል። ለብቻ የጠጣሁትና ከሱ ጋር የጠጣሁት ካንድ ጠርሙስ ተቀድቶም አንድ ዓይነት አይደለም። አንድ ቀን፣ መስኮቱን እያየ፣ ሳያስበው ስምህን ጠራ። "በልጅነቱ እንኳ ዕንጨት ካላሸተተ አይመርጥም ነበር" አለ። ወፍ እንዳይበርበት ትንፋሹን እንደሚውጥ ሰው ሆኜ ቀስ ብዬ ብርጭቆውን ሞላሁለት።

የመጨረሻውን ጠርሙስ ባለፈው እሑድ ጨረስን። እሱ አሁን ሳንቃ እየመረጠ፣ እያደረቀ፣ እየላገ ነው። "ለምንድን ነው?" አልኩት።

"ለበርሜል ነዋ! ወይኑን በእርጥብ ዕንጨት ሲያበላሽ ዝም ልበል?"

"ታዲያ በፖስታ እንላክለት?"

"ዕንጨት ብቻውን ይላካል እንዴ? መንገድ ላይ ይጣመማል። አብሮት የሚሄድ ሰው ይፈልጋል።"

ሐሙስ ዕለት ከረባቱን አስሮ ወጥቶ ተመለሰ። ኮቱን ላራግፍ ስል ከኪሱ ፓስፖርት ላይ የሚለጠፈው ዓይነት ትንንሽ ጉርድ ፎቶዎች ወጡ፤ ፊቱ ካሜራውን ሊመታ የደረሰ ሰው ይመስላል። መልሼ ከተትኳቸው። ምንም አልጠየቅሁትም፤ አንተም አትጠይቀው። የሳንቃውን ርዝመትና ውፍረት ብቻ ጻፍለት። ትርፍ አልጋ ካለህም እግረ መንገድህን ጥቀስለት።

ስትወጣም ስትገባም ጠባቂህ አይለይህ። እጅህ የነካው ሁሉ ይባረክልህ፣ የኔ ጌታ።

የምትሳሳልህ እናትህ

ደብዳቤውን ላሽግ ስል አባትህ ከታች ተጣራ። "እዚያ ሲመሽ ይበርዳል ወይ ብለሽ ጠይቂው!" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ለሳንቃው ብዬ ነው" አለ።