ስንጥቁን በሞላሰስ የደፈኑት ሰው

ብዙዎቻችሁ አባ ሞላሰስ እያላችሁ የምትጠሯቸው ታላቅ ወንድማችን ከግንበኛው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። በልጅነታቸው የጓሮው ዓለት ስንጥቅ ውስጥ ውሃ እያፈሰሱ የት እንደሚወጣ ሲጠብቁ ይውሉ ስለነበር፣ እናታችን ይህ ልጅ ውሃዬን ጨረሰብኝ እያሉ ያማርሩ ነበር።

በሥነ ምድር ተመርቀው በ1970 ዓ.ም. በውሃ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። እዚያው የላቦራቶሪ ባለሙያ የነበሩትን ባለቤታቸውን በ1974 ዓ.ም. አግብተው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ።

በ1993 ዓ.ም. የሰፈራችን የጉድጓድ ውሃ ናፍጣ ናፍጣ መሽተት ጀመረ። ዳገቱ ላይ ከተቀበረ አሮጌ ታንከር የፈሰሰ ናፍጣ በዓለቱ ስንጥቅ እየሾለከ ይመጣ ነበር። እንደ ፀጉር በቀጠነ ስንጥቅ ሲሚንቶ አይገባም። ወንድማችን ግን በዓለቱ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከተመገቡ ዝልግልግ ሽፋን ሠርተው ስንጥቁን እንደሚደፍኑ ያውቁ ነበርና፣ ወደ ስንጥቁ በተቆፈረ ቀጭን ጉድጓድ የስኳር ተረፈ ምርት የሆነውን ሞላሰስ ማፍሰስ ጀመሩ።

እውነቱ ይነገር፤ መጀመሪያ ተሳስተዋል። ለውሃው ጉድጓድ በጣም ቀርበው ስለመገቡ የተደፈነው የራሳችን ውሃ ሆነ። ሰፈሩ በሙሉ ጀሪካኑን ይዞ በራቸው ላይ ቆመ፤ ያልተባሉት ነገር የለም። እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ሞላሰሱን አቋረጡ፤ ሽፋኑ በረሃብ ሳስቶ ውሃው እስኪመለስ ድረስ ሰባት ሳምንት ሙሉ ለየቤቱ በጋሪ ውሃ አመላለሱ። በ1994 ዓ.ም. ወደ ዳገቱ ጠጋ ብለው እንደገና መገቡ። ባለቤታቸው መርምረው ውሃው ንጹሕ መሆኑን የነገሯቸው ቀን እንደ ልጅ አለቀሱ።

ታንከሩ ተቆፍሮ ቢወጣም ናፍጣው ዓለቱ ውስጥ ቀርቷል፤ ምግቡ ከተቋረጠ ደግሞ ስንጥቁ ይከፈታል። ስለዚህ በየሳምንቱ ዓርብ ይመግቡ ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት አንድም ዓርብ አልዘለሉም። የሴት ልጃቸው ሠርግ ዓርብ ቢውል እንኳ ሙሽራዋን አስጠብቀው በሱፍ ልብሳቸው ሄደው መግበዋል፤ ሱሪያቸው ላይ የቀረውን ሞላሰስ ፎቶው ይመሰክራል። ባለቤታቸው፣ እነዚያ ሆዳሞች ሳይጠግቡ እኔን ቁርስ አያስቀምሰኝም እያሉ ያሟቸው ነበር። እሳቸው ይስቁ ነበር። ወንድማችን ደስተኛ ሰው ነበሩ።

በልብ ሕመም ሆስፒታል ሲተኙ ጭንቀታቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ዓርብ ማን ይመግባል? ሐሙስ ሰኔ 6 ቀን 2016 ዓ.ም. በ69 ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ዐረፉ።

ትናንት ዓርብ ነበር። ያቺው ሴት ልጃቸው በጥቁር ልብሷ ዳገቱን ወጥታ መገበች። ዛሬ ለቅሶ ቤት የጠጣችሁት ውሃ ከዚያው ጉድጓድ የተቀዳ ነው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ምንጩ በማይደፈርስበት ስፍራ ያሳርፍልን።