ቀይ ክር በርግብ ጎጆ

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 6 ቀን 1972 ዓ.ም.

ውድ አበልጄ የብርጓል፣

የላክሽው ቅቤ ደርሷል። አልቀመስነውም። ይህን ደብዳቤ ለሚያደርስልሽ ቅቤውን ላመጣው ገበያተኛ እንደታሰረ መልሼ ሰጥቼዋለሁና ተቀበዪው። ከቅቤው ጋር የላክሽውን ቃልም ሰምቻለሁ፤ «አካሉን እግዜር ያስፈታው፣ ጧት ማታ ሻማ እያበራሁ ነው» ብለሻል አሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ባሌን የሚያስፈታው ሻማ ሳይሆን ያንቺ አንደበት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። እኔ አልጠይቅሽም። ስለ ርግቦቹ ነው የምነግርሽ።

አካሉ ጎጆ መሥሪያ ሲመርጥላቸው ለልጁ የዓመት በዓል ልብስ የሚገዛ ይመስል እንደነበር ታስታውሻለሽ። ታንኳ ሠሪዎቹ ዘንድ ወርዶ የወዳደቀ የደንገል ቄጠማ ለቅሞ ያመጣና ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ እርጥቡ ይሻግትና እንቁላል ያበላሻል ይላል። ከዚያ በቀጭን በቀጭኑ ሰንጥቆ በስንዝር በስንዝር ይቆርጠዋል። የጤፍ ጭድ አይወድም፣ አቧራው ዓይናቸውን ይይዛል ብሎ። ደጃፋቸው ላይ ይበትንላቸውና ተቀምጦ ያያል። ወንዱ አንድ አንድ እያነሳ ሲያመላልስ፣ ሴቷ ከበታቿ እየወሸቀች ስታስተካክል፣ እኔ ወጡ አረረ ብዬ ብጮህ እንኳ አይሰማኝም።

አንቺም ትቀልጂበት ነበር። «አይ አካሉ፣ ጎጆ ያለ ጌጥ? ከስፌት ማኅበሩ ብጥስጣሽ ክር ላምጣላቸው እንጂ» ስትዪው ቆጣ ብሎ ነው የመለሰልሽ።

«ክር እንዳታመጪ! የጫጩት እግር ላይ ይጠመጠማል። ጫጩቱ ሲያድግ ክሩ አብሮት አያድግም፤ እግሩን ቆርጦ ይጥለዋል።»

ይህን ሲልሽ ክርስትና ልጅሽ አደይ ጭንሽ ላይ ተቀምጣ ነበር።

በነሐሴ ለአብዮት በዓል ባንዲራና መፈክር መስፊያ የሚሆን ቀይ ክር ወደ ልብስ ስፌት ማኅበራችሁ መጣ። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ አካሉ፣ ጥልፍ ጠላፊዋ አንቺ። አራት ጥቅል ወስደሽ የእህትሽን የሠርግ ቀሚስ እንደጠለፍሽበት ያን ጊዜ አላወቅሁም። የተረፈሽን ቁርጥራጭ ግን፣ አካሉ በሌለበት መጥተሽ፣ አደይን ትከሻሽ ላይ አውጥተሽ ከርግቦቹ ቤት ስታስጨምሪያት አይቻለሁ። እንዲያውም በር ላይ ቆሜ ሳቅሁ። ያ ሳቅ ዛሬም ያንገበግበኛል።

አካሉ ሲመለስ ርግቦቹ ክሩን ከደንገሉ ጋር ጠላልፈውታል፣ ሴቷም እንቁላል ጥላለች። «አሁን ብነካካው ጎጆውን ትታው ትሄዳለች። ሲፈለፈሉ አወጣዋለሁ» አለና ተወው። ለሁለት እንቁላል ሲል ይኸው ሦስተኛ ወሩን ታስሯል።

ክሩ መጉደሉ ታውቆ ፍተሻው ሲመጣ አንቺም ከታጣቂዎቹ ጋር መጣሽ። የማኅበሩ የሴቶች ተወካይ ስለሆንሽ ክሩን እንድትለዪ ነው ያመጡሽ። ቤቱን ገለባብጠው ምንም አጡ። ሊወጡ ሲሉ አንዱ ቀና ብሎ ከርግቦቹ ቤት ቀይ ነገር ተንጠልጥሎ አየ። በጠመንጃው አፈሙዝ ጎተተና፣ «ጉድ እኮ ነው! የአብዮቱ ክር ለርግብ ጎጆ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዳንቺ ዞረ።

«ጓዲት፣ ይህ ክር የማኅበሩ ነው?»

«ነው» አልሽ።

እውነት ተናገርሽ፣ ግማሹን። ቀሪውን ግማሽ ቆመን ጠበቅን። አካሉ ዓይን ዓይንሽን ያይ ነበር፤ አንቺ ግን የነጠላሽን ጥለት ትደባብሺ ነበር። እጁን የፊጥኝ አስረው ወሰዱት። በሳምንቱ ዕቃሽን ሸክፈሽ ዱርቤቴ እህትሽ ቤት ገባሽ።

ፈርተሽ ነው፣ አውቃለሁ። ዛሬ የማይፈራ ማን አለ? እኔም ወደ እስር ቤቱ ስንቅ ይዤ የምሄደው እየፈራሁ ነው። ፍርሃትሽን ይቅር እል ነበር። ቅቤሽን ነው ይቅር የማልለው።

ደግሞ የተናደድሁት ባንቺ ብቻ አይደለም፤ በአካሉም ነው። ስንቅ ላቀብለው ሄጄ «ስሟን ጥራና ውጣ!» አልሁት።

«አበልጄን ከስሼ በምን አፌ እቆርባለሁ?» አለኝ። «ክርስትና ያገናኘኝን ሰው ሸንጎ ፊት አላቆምም። ራሷ መጥታ ትናገራለች። የብርጓልን አላውቃትም እንዴ?»

«ካልመጣችሳ?»

«ትመጣለች አልሁሽ! አንቺም ስሟን ለማንም እንዳታነሺ በአደይ ክርስትና ማዪልኝ።»

ማልሁለት። የመሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ልጅ ነኝና መሐላ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ይኸው እስከ ዛሬ ለእናቴ እንኳ አልተነፈስሁም። ይህም ደብዳቤ ላንቺው ብቻ ነው።

ልንለያይ ስንል፣ «ክሩን ከጎጆው አወጣሽው?» ብሎ ጠየቀኝ። ረስቼው ነበር። በሩጫ ቤት ገብቼ ወደ ጎጆው ብወጣ፣ ታጣቂዎቹ የወሰዱት የላይ የላዩን ኖሯል። ከሥር የቀረው አንዱ ጫጩት ግራ እግር ላይ ተጠምጥሞ እግሩ ጠቁሯል። ክሩን በመቀስ ስቆርጠው እግሩም አብሮ ወደቀ። ዛሬ አድጓል፣ ይበራልም፤ ሲያርፍ ግን ይንገዳገዳል። ከእግሩ የቆረጥሁት ክር ፖስታው ውስጥ አለልሽ።

ስለ አደይ ደግሞ ስሚ። በፍተሻው ቀን ቁንዝላ አያቷ ዘንድ ነበረች። ስትመለስ፣ አባትሽ ለሥራ መራዊ ሄዷል አልኋት። ባለፈው እሑድ የጎረቤት ልጆች «አባትሽ ክር ሰርቆ ታሰረ» ብለዋት እያለቀሰች ገባች።

«ውሸታሞች! ክሩን ያመጣችው ክርስትና እናቴ ናት! እኔ ራሴ ነኝ የጨመርሁት፣ ትከሻዋ ላይ አድርጋኝ። እማዬ፣ ለምን አትነግሪያቸውም?»

ለሰባት ዓመት ልጅ ምን ተብሎ ይመለሳል? አንቺ መልሺላት። በሰማንያ ቀኗ ከጥምቀቱ ውኃ ስትወጣ የተቀበልሻት አንቺ ነሽ። ቄሱ ማዕተቧን ሲያስሩላት አቅፈሽ የያዝሻት፣ ስለ እሷ ሆነሽ «እክሕደከ ሰይጣን» ያልሽው አንቺ ነሽ።

ረቡዕ፣ የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ፣ ጧት በሦስት ሰዓት አካሉ ሸንጎ ፊት ይቀርባል። ከተፈረደበት አዲስ አበባ ይላካል ይላሉ። ከዚህ ተልኮ የተመለሰ ሰው እኔ አላየሁም። እኔ ምያለሁና አፌን አልከፍትም። አደይ ግን አልማለችም። እጇን ይዤ እሄዳለሁ። ከጠየቋት ትመልሳለች፤ መዋሸት አላስተማርኋትም፣ ረቡዕም አልጀምርላትም። ልጄ ክርስትና እናቷን በጣቷ ስታሳይ ማየት ለእኔ ሞት ነው። አባቷን ማጣቷ ግን ይብሳል።

ቀድመሻት ድረሺ፣ የብርጓል። አውቶቡሱ ማክሰኞ ጧት ከዱርቤቴ ይነሳል። ተናግረሽ የሚመጣብሽን ሁሉ፣ ስንቁንም ደጅ ጥናቱንም፣ ከአካሉ ጋር ሆነን እንሸከምልሻለን። ይህን በአደይ ክርስትና እምልልሻለሁ።

«አበልጅሽ» ብዬ ልፈርም ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ለረቡዕ አቆይቼዋለሁ።

የአካሉ ሚስት፣ የአደይ እናት
አገርነሽ ወልደ ሐዋርያት