ለጾመኛ ጠዋቱ መቼ ነው?

ኅዳር 17
በእንጅባራ ዙሪያ እንደ እኔ ፈጥኖ ማንበብ የለመደ ሰው አልተፈጠረም። እሺ... ከጎልማሶች የማታ ትምህርት ሰዎች መካከል ማለቴ ነው። እሺ፣ ከእኛ ወንበር። ጎረቤቴ፣ ደረሰ፣ ቀድሞኝ ጨርሶ ሊሆን ይችላል፤ ግን እሱ ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።
ድንች ስንቆፍር ዋልን። ጨጓራዬ እንደ ፍም ነደደ። ነገ ጤና ጣቢያ።

ኅዳር 18
መረመሩኝ። ጨጓራዬ ውስጥ ባክቴሪያ አለ። በዓይን አይታይም አለ ሐኪሙ።
ለየሻረግ ስነግራት፣ "የማይታይ ነገር ነው እንዲህ የሚያስጮህህ?" አለች። ሚስት እንዲህ ናት።
ሐኪሙ ሌላም ብሏል። "መድኃኒቱን በሰዓቱ ካልወሰዱ አይለቅዎትም። ያኔ ባሕር ዳር ሄደው ካሜራ ያለው ቱቦ መዋጥ ሊኖርብዎት ነው።"
ቱቦ! በጉሮሮ! እባብ አልፈራም፣ ጅብ አልፈራም... ቱቦ ግን?
መድኃኒት የምታድለው ልጅ፣ ትዕግስት፣ "ጋሼ ክንዴ፣ አወሳሰዱን ላስረዳዎት" ስትል፣ "ተይ ልጄ፣ ማንበብ እችላለሁ" አልኳት። ሰልፉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ አነበብኩት፦ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ። ገና አፏን ስትከፍት ወጣሁ። ሰዉ ሁሉ አየኝ።

ኅዳር 19
ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ በአፌ አይዞርም። ዘጠኝ ሲሞላ የጠዋቱን ዋጥኩ። አሥራ ሁለት ላይ፣ ከእራት ጋር፣ የማታውን። ቀላል ነው... ለሚያነብ ሰው።

ኅዳር 20
አፌ ኮሶ ኮሶ ይላል።

ኅዳር 22
ዕድር ላይ ለመናገር ተነሳሁ። ሦስት ቃል እንደተናገርኩ ሆዴ ጮኸ። ሮጥኩ። ሊቀመንበሩ፣ "ተመስገን፣ ክንዴ ዛሬ አሳጠረ" አለ አሉ።
ማቃጠሉም እንዳለ ነው። ቱቦው በሕልሜ መጣ።

ኅዳር 23
ትዕግስት ዘንድ ሄድኩ፣ ተቆጥቼ።
"የሰጠሽኝ ነገር ሊገድለኝ ነው!"
"የጠዋቱን በስንት ሰዓት ነው የሚወስዱት?"
"በዘጠኝ።"
"ዘጠኝ ሰዓት ጠዋት ነው እንዴ፣ ጋሼ?"
"ለጾመኛ ጠዋቱ እሱ ነው።"
"የማታውስ?"
"አሥራ ሁለት።"
መጀመሪያ ሳቀች። ሰልፉም ሳቀ። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። "ሁለቱን ደራርበው ወስደው ሌሊቱንና ጠዋቱን ሙሉ ባዶ ይተዉታል። ሆድዎ የተረበሸው በመደራረቡም ይሆናል። ባክቴሪያው ደግሞ በዚያ መሀል ያገግማል፤ መድኃኒቱንም ይለምደዋል። ከለመደ በኋላ ይሄ አይሠራልዎትም።"
"ታዲያ ቱቦ?"
"ወደዚያ እንዳይደርስ ነው የምነግርዎት።"
ሐኪሙን አማከረች። እንደ አዲስ ጀምር ተባልኩ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ከማታው አንድ ሰዓት። ሰዓቱ ቢያልፈኝ እንኳ ሁለቱን ባንዴ አልውጥም። ይሄን ሁሉ ያን ቀን ልትነግረኝ ነበር... ማን አስሮጠኝ?
ግን ጾሙስ? በጠዋት ውጬ ከጾመኛ ልቆጠር?

ኅዳር 24
የንስሐ አባቴ ዘንድ፣ ቄስ ምህረቴ።
"አባቴ፣ ጾሜን ከምሽር ቱቦውን ብውጥ ይሻላል?" አልኳቸው። እንዲህ ስል ጀግና የመሰልኩ መስሎኝ ነበር።
"ምን ቱቦ?"
ነገርኳቸው።
"አንተ ሰውዬ፣ መድኃኒት ነው እንጂ ቅቤ ነው የምትውጠው? እኔ የግፊቴን ክኒን በጠዋት አይደል የምውጠው! ፈቅጄልሃለሁ። ትንሽ ነገርም ቅመስበት። ስትድን ጨምረህ ትጾማለህ።"
ከመጠየቄ በፊት የተጨነቅሁትን ያህል ድንች ብቆፍር ጎተራ ይሞላ ነበር።

ኅዳር 26
ጠዋት ከጓሮ፣ ከቀርከሃው ጀርባ ቁጭ ብዬ ቅቅል ድንች እየበላሁ... ጎረቤቴ ደረሰ መጣብኝ!
"አንተ! በጾም! በዚህ ማለዳ!"
"ተፈቅዶልኝ ነው።"
"የተፈቀደለት ሰው ከቀርከሃ ጀርባ ይደበቃል?"
ድንቹን ላካፍለው እንዳልል እሱ ጾመኛ ነው። ቆሞ አየኝ።
ከነገ ጀምሮ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ እበላለሁ። ይየኝ።

ታኅሣሥ 3
ስልኬን በመድኃኒቱ ሰዓት እንዲጮህ አድርጌዋለሁ። ዛሬ አንድ ሰዓት ላይ በጩኸቱ ላሟ ደንግጣ የሻረግን ወተቱን አስደፋቻት። የሻረግ በአገውኛ ተናገረችኝ። በአገውኛ ከጀመረች ነገሩ የምር ነው።
ግን ስልኩን አላጠፋሁም። እሷም አጥፋ አላለችም። ይልቅ ነገ ላሟን ራቅ አድርጋ ልታልብ ነው።

ታኅሣሥ 5
የማታው ሰዓት ለቅሶ ቤት አገኘኝ። ክኒኑ ኪሴ ነበር። ውኃ ለምኜ ዋጥኩ። አንዷ አልቃሽ፣ "አይዞህ፣ እንዲህ አትዘን" አለችኝ።

ታኅሣሥ 9
መድኃኒቱ ትናንት ማታ አለቀ። ማቃጠሉ... የለም መሰለኝ። መሰለኝ ነው። ለማረጋገጥ ከወር በላይ ቆይተህ ና ተብያለሁ።

ጥር 14
ሰገራዬን በጣሳ ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት፣ "ማር ነው ልጄ?" አሉ። "አዎ እናቴ" አልኩ። "ስንት ነው ኪሎው?" ሲሉ ወራጅ አለ ብዬ ወረድኩ፤ የቀረውን በእግሬ።
ውጤቱ፦ የለም! ንጹሕ! ባለ ላቦራቶሪው ከወንበሩ ተነስቶ እጄን ጨበጠኝ፣ "ጎበዝ" አለኝ። ቱቦው ባሕር ዳር ይቅር።
ስመለስ ደረሰን ሆዱን ይዞ አገኘሁት። እሱም ያቃጥለዋል። ወዲያው ይዤው ሄድኩ። ተመርምሮ ያው በሽታ ተገኘበት። ትዕግስት ወረቀቱን ስትሰጠው እሱ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ሲጀምር ክንዱን ያዝኩት። "ማንበብ እንችላለን፣ ልጄ። አንቺ ግን ንገሪን።" እስክትጨርስ ዝም ብዬ ሰማሁ። ዝም! እኔ! የሻረግ ብታየኝ ታምን ይሆን?
አሁን የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩት። ሁሉም እውነት ነው፤ ከአንዱ በስተቀር። ባለ ላቦራቶሪው አልጨበጠኝም። ጣሳዬን አይቶ፣ አፍንጫውን ይዞ፣ "ከድነህ ወደዚያ አስቀምጠው" ነው ያለኝ።