ትሬለሯን ሊያዩ የመጡ ሰዎች

ጁላይ 8፣ ቅዳሜ

በጥልቅ ሐዘን ይገለጻል፦ የትሬለራችን የጣሪያ መስኮት እጀታ ለሠላሳ ሁለት ዓመት በቅንነት ሲያገለግል ቆይቶ ዛሬ ከቀትር በኋላ እጄ ላይ ተሰብሮ ከዚህ ዓለም ተለይቷል። በሕይወት ዘመኑ አንድም ቀን ቅባት ጠይቆ አያውቅም። ቀብሩ በጋራዡ የቆሻሻ በርሜል ውስጥ ቤተሰቡ በተገኘበት ተፈጽሟል። ተገኘ ማለት… ባለቤቴ ሰርክአዲስና ልጄ ሐና የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ሆነው ይስቁ ነበር።

ይህችን በመኪና የምትጎተት ቤት ከገዛናት ሁለት ወር ሆነ። ገዛናት ማለትም… ገዛኋት። ሰርኬ ከደሙ ንጹሕ ነኝ ብላለች። ፋይበርግላስ ናት። እንቁላል የመሰለች፣ ታችና ላይ ሁለት ቁራጭ ሆና ተሠርታ ወገቧ ላይ የተገጠመች። እንጨት ስለሌላት አትበሰብስም። የሸጠልኝ ሽማግሌ "ከኔም ካንተም በላይ ትኖራለች" አለኝ። ዝናብ በአራት ቀዳዳ እንደምታስገባ ግን ረሳው መሰለኝ።

ኤሪን ውድስ ሰፈራችን በሙሉ ፒክአፕ ገዝቷል። ነዳጅ ዘይቱ ከመሬት ይፈላል፣ በርገር ቤት እንኳ ለሚቀጠርለት ሰው ቦነስ ይሰጣል። ከዚህ ሁሉ ብልጽግና ለኔ የደረሰኝ አንድ እንቁላል ነው።

ጁላይ 9፣ እሁድ

ከአምልኮ በኋላ ጋሼ አባይነህ በሰው ፊት ያዙኝ። የቤተ ክርስቲያናችን ዋና ሽማግሌ ናቸው፤ ሲቀልዱም ድምፃቸው የስብከት ነው።

"ታደገ፣ ቤት እያለህ ጫካ ገብተህ ታድራለህ የሚሉት እውነት ነው?"

"እውነት ነው ጋሼ።"

"እንዴ! እኛ እኮ ባሕር የተሻገርነው ጫካ ማደር መሮን ነው።"

ምእመናኑ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። ኑና እዩዋት አልኩ፣ ሁላችሁም ኑ፣ ሻይ አፈላለሁ። "እንመጣለን፣ እንመጣለን።" ማን ይመጣል? ሁሉም ኦቨርታይም ላይ ነው። ከልቡ የጠየቀኝ አንድ ከአገር ቤት ገና የገባ ልጅ ብቻ ነው። አፓርታማ አጥቶ ኖሮ "ጋሽ ታደገ፣ ለምን አታከራየኝም?" አለኝ።

ጁላይ 15፣ ቅዳሜ

ደሴ ደወልኩ። ታላቅ እህቴ ተናኘወርቅ፣ እትዬ ተናኝ፣ አነሳችው።

"ቤት ገዛህ አሉ።"

"ቤት አይደለም እትዬ፣ ትሬለር ነው። በመኪና የሚጎተት።"

"ሰው ከቤቱ ሊያርፍ ነው ሽርሽር የሚወጣው። አንተ ቤትህን አስከትለህ ትወጣለህ?"

"በይ እስቲ ሳቂ።"

"አልሳቅኩም፣ አዝኜልህ ነው። ቁመትህን ይችላል?"

"ይችላል።"

"እኔንማ ያስጨፍረኛል በለኛ።"

ሕመሙን ጠየቅኋት። "ሐኪሙ ልብዎ ከመጠኑ በላይ ሰፍቷል አለኝ። አንድ ተንኮለኛ ልጅ አሳድጌ ነው አልኩት።" ሳቅን።

"መቼ ነው የምትመጣው?"

"ሴፕቴምበር… መስከረም መጀመሪያ። ትኬቱ ተቆርጧል።"

"እጠብቅሃለሁ። ሦስት ደቂቃዎ አልቋል ጌታዬ።" ዘጋችው።

ዕድሜዋን ሙሉ የደሴ ቴሌ ኦፕሬተር ነበረች። እናታችን ስትሞት እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፣ እሷ ገና መቀጠሯ ነበር። የሚይዘኝ ሰው ስላልነበረ ይዛኝ ትሄዳለች። የስልክ መስመሮቹ የሚገናኙበት ሰሌዳ ሥር ጋቢዋ ላይ ተኝቼ አደግኩ። ምላሴን ያገኘሁት ከዚያ ነው፤ አገር ሁሉ ከራሴ በላይ ያወራ ነበር።

መጠበቁን ትጠብቀኝ ይሆን?

ጁላይ 17፣ ሰኞ

አለቃዬን እንደገና ፈቃድ ጠየቅሁት። ኤርፖርት፣ ካርጎ ክፍል። መጋዘኑ እስከ ጣሪያው የዘይት ጉድጓድ ዕቃ ነው። "ከሴፕቴምበር በፊት ማንንም አልለቅም፣ ሰው የለኝም" አለ። እውነቱን ነው፣ ሰው የለውም። የኦገስቱን ሎንግ ዊኬንድና ሁለት ቀን ጨመረልኝ። በዚያ ደሴ ደርሶ መመለስ አይቻልም። ካምፒንግ ግን ይቻላል። እሺ።

ጁላይ 22፣ ቅዳሜ

የጎማዎቹን ኩሽኔታ አውጥቼ አጥቤ ግራሶ ሞላሁ። ሐና ካቻቪቴ ታቀብለኛለች።

"ዳድ፣ ሰው ሁሉ ሂዩጅ ትሬለር አለው። የኛ ኤግ ነው።"

"እንቁላል ውስጥ ሕይወት አለ።"

"ዳድ። ፕሊስ።"

እጀታውን በአዲስ ተካሁ። የመስኮቶቹን ጎማ ቀየርኩ። ጣሪያው ላይ የተሰነጠቀውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ደፈንኩ። የፋይበርግላስ ብናኝ አንገቴ ውስጥ ገብቶ ሲያሳክከኝ ዋለ።

ጁላይ 29፣ ቅዳሜ

ዝናብ። ሦስቱ ቀዳዳዎች ተደፍነዋል። አራተኛው ተሰውሯል። የኔን ትራስ ግን አይስትም።

ኦገስት 1፣ ማክሰኞ

ከሥራ ስገባ ጋሼ አባይነህ ከቤቴ ሲወጡ አገኘኋቸው። በሥራ ቀን! "ሰላም ልበላችሁ ብዬ ነው" አሉ። ዓይኔን ሳያዩኝ መኪናቸው ውስጥ ገቡ። መዋጮ ይሆናል።

ሰርኬ ዓይኗ ቀልቷል። ሽንኩርት ነው አለች። ምድጃው ላይ ግን ወጥ አልነበረም። ደሴ ልደውል ስል የስልክ ካርዱ አልቋል አለች፣ የቤቱ ስልክም ተበላሽቷል።

ከዚያ የዘመኑ ታላቅ ዜና፦ "ሐሙስ እኔም እመጣለሁ። ካምፒንጉ።"

"አንቺ?"

"ምነው፣ ትንኝ አይብላኝ?"

ድል ነው። እጀታው ያማረ ስለሆነ ይሆን?

ኦገስት 3፣ ሐሙስ

ካናናስኪስ የካምፕ ቦታ ደረስን። ትሬለሯ ዳገቱን እንደ ጨዋ ልጅ ተከትላ ወጣች። ጥድ፣ ወንዝ፣ ተራራ። ሞባይል አይሠራም። እሰይ።

ሰርኬን አላወቅኋትም። በቀልዶቼ ሁሉ ትስቃለች፤ ከሰርጋችን በፊት በሰማቻቸውም ጭምር። ሻይ ታፈላለች፣ እግሬ ላይ ብርድ ልብስ ትጥላለች። ውሃ መቅዳት ደግሞ የሷ ሥራ ሆኗል፤ ጀሪካኑ ሳይጋመስ ይዛው ወደ ካምፑ የእጅ ፓምፕ ትሄዳለች። "እኔ ልሂድ" ስላት "ቁጭ በል!" ትለኛለች።

ሐና ግን ፊቷን አጥቁራለች። ከጥዶቹ ጀርባ ከእናቷ ጋር ስትጨቃጨቅ ሰማሁ። "ኢትስ ኖት ፌር፣ ማሚ! ኢትስ ኖት ፌር!" የጓደኛ ልደት ቀርቶባት ይሆናል። አሥራ አምስት ዓመት… ያልፋል።

ኦገስት 4፣ ዓርብ

እንደዚህ የተደሰትኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ልጻፈው፣ ማስረጃ ይሁን።

እሳቱ ዳር ተቀምጠን ሰርኬ "ስለ ተናኝ አውራኝ" አለች። ከየት መጣ? አወራኋት። አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ስልክ ላይ ሲጮኽባት "ጌታዬ፣ በዚህ ድምፅ ከሆነ ስልክም አያስፈልግዎ፣ መስኮት ይክፈቱ" ያለችውን። "ሌላ" ትላለች። ሌላ ነገርኳት። "እንዴት ነው የምትስቀው?" አሳየኋት። ሰርኬ እስክታነባ ሳቀች፣ ከዚያ ጀሪካኑን ይዛ ተነሳች።

ሰኞ ስመለስ ካርድ ገዝቼ እደውላለሁ። ሰርክአዲስ ካምፒንግ ወደደች ብላት አታምነኝም።

ኦገስት 5፣ ቅዳሜ ጠዋት

በሩጫ። ውሃው እስኪፈላ። ታሪክ ነው፣ መጻፍ አለበት።

መጡ! ሕዝቡ ትሬለሬን ሊያይ መጣ! ገና ከእንቅልፌ ስነሳ ሁለት ቫንና ሦስት መኪና። ወደ አሥራ አምስት ሰው፣ ወንዶቹ ሙሉ ልብስ፣ ሴቶቹ ጥቁር ቀሚስና ነጠላ። የኛ ሰው ድብ ሊያይም ሲሄድ ይዘንጣል። ጋሼ አባይነህ ብቻ መንገድ ስተው ነው መሰለኝ አልደረሱም። "እሳቸው ይምጡ" ይላል ሁሉም፣ አይቀመጥም። ሲኖዶስ ሳይሟላ ሻይ አይጠጣም?

እየጠበቅን ሦስት ሦስት እያስገባሁ አስጎበኘሁ። ጠረጴዛው ታጥፎ አልጋ ሲሆን አሳየሁ። ዘካርያስ "ቁም ሳጥንም አላት… ጌታ ይባርካት" አለና መሐረቡን አወጣ። በትሬለር ሰው እንዲህ ይነካል? ቆንጅት በሩ ላይ አቅፋኝ አልለቅም አለች። "አይዞህ" አለችኝ። ስለ አራተኛው ቀዳዳ ሰምታ ይሆናል።

ውሃው ፈላ።

ኦገስት 5

እትዬ ተናኝ።

ኦገስት 7፣ ሰኞ

ልጻፍ። ካልጻፍኩ…

ጋሼ አባይነህ አቧራ ለብሰው ደረሱ። ሌላ ካምፕ ገብተው ኖሯል። "ጋሼ፣ ይግቡ፣ እርስዎን ለብቻ ነው የማስጎበኝዎት" አልኩ። ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ታደገ፣ ተቀመጥ።"

"አልጋውን ሳላሳይዎት?"

"ተቀመጥ፣ ልጄ።"

ያን ጊዜ ነው ልብሱን ያየሁት። ሙሉ ልብሱን፣ ጥቁሩን፣ ነጠላው የተጣፋበትን። መርዶ ይዘው የሚመጡ ሰዎች እንዴት እንደሚቆሙ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ስንት መርዶ ራሴ ይዤ ሄጃለሁ፣ በር አንኳኩቻለሁ። እንዴት አላወቅሁም?

እትዬ ባለፈው ሰኞ አርፋ ማክሰኞ ተቀብራለች። የደወሉት ለሽማግሌዎቹ ነው። ሰው መርዶ ለብቻው አይሰማም፣ ወገን ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። ወገን ደግሞ ኦቨርታይም ላይ ነበር። እስከ ቅዳሜ ድረስ ከስልክ አርቀሽ ያዥው ተባለች ሰርክአዲስ።

የተናኘወርቅ ለቅሶ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከጥድ ሥር ተጀመረ። ጎረቤቶቹ ካምፐሮች ድብ የመጣ መስሏቸው ወጡ።

ሰርኬ ክንዴን ስትይዘኝ ነጠቅኋት። "እሷ አፈር ለብሳ አሳቅሽኝ!" አልኩ። በሰው ፊት። ጥብስ ስበላ፣ ስዘፍን… ሁሉን እያወቀች ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ስትስቅ። እንዴት ሆነላት? እኔ ያላለቀስኩላትን እህቴን ማን ያልቅስላት ብላ ነው?

አላናግራትም።

ኦገስት 9፣ ረቡዕ

ቤቱ ሰው ሞልቷል። ከኤድመንተን የመጡት ሆቴል አጥተው ትሬለሯ ውስጥ አደሩ።

ጋሼ አባይነህ ዛሬ ተናዘዙ። የጠፉ ጊዜ እንደኛዋ ያለች እንቁላል አይተው በሯን አንኳኩ አሉ። የውስጥ ሱሪ የለበሰ ፈረንጅ ድብ የሚያባርርበትን መርጫ ይዞ ብቅ አለ። "እኔም ኮፍያዬን አውልቄ፣ ብራዘር፣ ሲት ዳውን አልኩት።"

ለቀስተኛው ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ፣ ከጀመርኩ ማቆም አቃተኝ፣ መሃሉ ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። ዓይኔ ሰርኬን ፈለጋት። ትሪ ይዛ ቆማ ታየኛለች። ዓይኔን መለስኩ።

ኦገስት 12፣ ቅዳሜ

ሰው ሳሳ። ከሰዓት ትሬለሯ ውስጥ ገብቼ ተኛሁ። ጥገና አልነበረም ምክንያቱ።

ሐና መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"ዳድ፣ እኔም ማሚን በጣም ማድ ሆኜባት ነበር። ቴል ሂም አልኳት። ኢትስ ሂዝ ሲስተር።"

"ምን አለችሽ?"

"'ብቻውን አይሰማም' አለች። ዛትስ ኢት። ከዛ ፓምፑ ጋ ፎሎው አደረግኳት…" ቆመች። አማርኛዋን ፈለገች። "ውሃ እየቀዳች አልነበረም፣ ዳድ። ጀሪካኑ ሞልቶ መሬት ላይ ይፈሳል። እሷ ግን ፓምፑን እንዲህ፣ እንዲህ… ድምፁ እንዲጮኽ። እያለቀሰች። ነጠላዋን አፏ ውስጥ አድርጋ። ኤቭሪ ታይም። ስታየኝ 'ሂጂ አባትሽን አጫውቺ' አለችኝ።"

ጣሪያውን አየሁ። አራተኛው ቀዳዳ የት እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

ወደ ቤት ገባሁ። ሰርኬ የለቀስተኛ ሳሕን ታጥባለች። ፎጣ አንስቼ ማድረቅ ጀመርኩ። አላየችኝም። ከብዙ ሳሕን በኋላ፦

"ለምን ስለሷ አስወራሽኝ? ያን ቀን?"

እጇ ውሃው ውስጥ ቆመ።

"አንድ ጊዜ እንኳ በሕይወት እንዳለች ሰው ስለሷ እንድታወራ። ከቅዳሜ በኋላ እንደዚያ አድርገህ አትነግረኝም ነበር።" ሳሕን እያቀበለችኝ፣ "አንተ እሷን አጣህ። እኔ ደግሞ ተናኝን በዚያው እሳት ዳር ነው ያወቅኋት፤ ከተቀበረች በኋላ።"

ሳሕኑን ተቀብዬ አደረቅሁ።

ኦገስት 13፣ እሁድ

የሴፕቴምበሩ ትኬት አልተሰረዘም። ሰርኬ አብራኝ ትሄዳለች።

ማስተካከያ፦ በዚህ ደብተር በኦገስት 7 ቀን "የተናኘወርቅ ለቅሶ ቅዳሜ ጠዋት ተጀመረ" ተብሎ የሰፈረው ዘገባ ከእውነት የራቀ ሆኖ ተገኝቷል። ዝግጅት ክፍሉ ለደረሰው በደል ይቅርታ ይጠይቃል፤ ዛሬ ጠዋትም በአካል ቀርቦ ጠይቋል። ዘገባው እንደሚከተለው ታርሞ ይነበብ። ለቅሶው የተጀመረው ማክሰኞ ኦገስት 1 ቀን ነው። ለቀስተኛዋ አንዲት ነበረች፤ ስሟም ሰርክአዲስ።