እማዬ ከዘይነባ ጋር የሄደችበት ቀጠሮ

ረቡዕ፣ ኅዳር 9፣ አሰላ

ለሰው ቢነገር ያሳፍራል፤ በጎረቤታችን በዘይነባ ቀናሁ። እማዬን ለዓይን ግፊቷ ቀጠሮ ልወስዳት ሁለቴ ከሥራ ባስፈቅድ፣ ሁለቴም «ጉልበቴን አሞኛል» ብላ ቀረችብኝ። ዛሬ ባጃጅ ይዤ ስደርስ ቤቱ ተቆልፏል። ሆስፒታል ብሮጥ፣ የተመላላሽ ክፍሉ በር ላይ የዘይነባን ትከሻ ተደግፋ ትስቃለች!

«ጉልበትሽ ከኔ ጋር ሲሆን ብቻ ነው የሚያምሽ?»

«ካንቺ ጋር ከመጣሁማ ሐኪሙ ያለኝን ሁሉ መጽሔት ላይ ታወጪዋለሽ! ስለ ጥርሴ ጽፈሽ ኢተያ ድረስ ተሳቀብኝ። ዘይነባ ወሬ አታወጣም።»

ዘይነባ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። እኔ ተቃጠልኩ።

ነርሷ ብቅ አለች። «እማማ፣ እንዲህ እየቀሩ እኮ ዓይንዎ ሊጠፋ ነው! በሉ አንድ ሰው ይዘው ይግቡ።»

እማዬ የዘይነባን እጅ ያዘች። እኔ ቦርሳ ጠባቂ ሆኜ አግዳሚው ላይ ቀረሁ። ሲወጡ ዘይነባን «ሐኪሙ ምን አለ?» ብላት፣ «እናትሽ ትንገርሽ» ብላ አለፈችኝ። እማዬ የነገረችኝ ሰኞ ለቀጠሮ እንደምትመለስ ብቻ ነው።

ማታ «ወላሂ፣ ስላንቺ ዳግመኛ አልጽፍም!» አልኳት።

«እናያለን» አለች።

ሰኞ የማንን እጅ ይዛ እንደምትገባ እዚህ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፤ እዚህ ብቻ።