ሰካራሙ በር

ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው። ወደ ደረጃው። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ቢሆን ኖሮ ይቺ ግንባሬ ላይ ያለችው ጠባሳ ከየት መጣች? ደረጃውን እየሮጥኩ ስወጣ አይደል በሩ ብድግ ብሎ መጥቶ ግንባሬን ያለኝ? አንቺ ከኋላዬ ሆነሽ በሳቅ ስትፈነጂ፣ እኔ ደሜን በቀሚሴ ስጠርግ። ስለዚህ ወደ ውጭ ነው፤ አለቀ።

ማን ጠየቀሽ ትይኝ ይሆናል። ማንም አልጠየቀኝም። ሳይጠይቁኝ መመለስ አመሌ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ይኸው አርጅቼም አልተወኝም። ውይ፣ ሰላምታውን ዘልዬው መጣሁ። እንደምን ከርመሻል እህት ዓለም? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያ ሳል ለቀቀሽ ወይ? ልጆችሽስ? ያቺ በስልክ እንደ ዳኛ የምትመረምረኝ የልጅ ልጅሽስ? እኔ ደህና ነኝ። ዓይኔ ትንሽ ደከመ እንጂ ምላሴ እንዳለች ናት። ባለቤቴ እኔ ስሞት እሷን ለብቻዋ ሳይቀብሯት አይቀርም ይላል።

ስልክ እያለ ምን ወረቀት አስፈለገሽ አሉኝ እዚህ። ስልክ ላይ አንቺ ቶሎ ትዘጊያለሽ። ወሬው ወደ ግንቡ ዞር ሲል ድስት ጥጄ ነበር ትያለሽ። በዚህ ሁሉ ዓመት ያ ድስት አለመብሰሉ ይገርመኛል። ደብዳቤ ግን ጆሮዬ ላይ አይዘጋም። ፊደሌ የዶሮ ጭረት ነው፤ እየገመትሽ አንብቢ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እጁ ሥራ ፈትቶ ቤቱን ሊያፈርስብኝ ደርሶ ነበር። አናጢ ሥራ ሲያጣ ደህናውን ወንበር ነቅሎ እንደገና ይሰካዋል። በዚህ መሀል የግንቡ ኃላፊ መጣች። ልጅ እግር ናት፣ ሰው አክባሪ። ያደግንበትን ግንብ ማለቴ ነው፤ አባባ ዘበኛው ሆኖ እኛ በዋናው በር ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ያደግንበትን። ትልቁ ማማ ከተናደ ወዲህ ሰው የሚያየው የድንጋይ ክምር ብቻ ነው። እና ድሮ እንዴት እንደነበረ ጎብኚው እንዲያውቀው በትንሹ ይሠራልንና መግቢያው ላይ ይቀመጥ አለች። ሃምሳ እጅ ያነሰ፣ ግን ምንም ያልጎደለው። የውጪው ፎቶግራፍ አላቸው፤ የውስጡ የላቸውም። ውስጡን የሚያውቅ ሰው በሕይወት አለ ወይ ብላ ስታጠያይቅ እኔ ጋ ደረሰች። ሁለት ነን አልኳት፤ አንዷ ሩቅ ናት።

ይኸውልሽ፣ ሳሎናችን ግንብ ሆነ። ሽማግሌው ባለቤቴ ድንጋዩን ከካርቶን እየቆረጠ አንድ በአንድ በኮላ ይለጥፋል። የደረጃውን መሀል በብርጭቆ ወረቀት እያሸ ያጎደጉደዋል፣ የሰው እግር የበላው እንዲመስል። እኛ ጭናችን ላይ ነው የምንበላው። ማንኪያዬ ሲጠፋኝ ፈረስ ጋጣው ውስጥ አገኘዋለሁ። አንድ ቀን ይሄ ግንብ ከኔ የበለጠ ቦታ ያዘ ብለው፣ እሱ ቢያንስ አይናገርም አለኝ።

እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይሠራል። ዓይኔን ጨፍኜ በዋናው በር እገባለሁ። በስተግራ የአባባ ቁልፎች የሚሰቀሉበት ሚስማር። ቀጥሎ እማዬ ልብስ የምታሰጣበት ገመድ፣ ከሱ በላይ ርግቦቹ የሚያበላሹት ጠርዝ። ጠዋት ምን እንደበላሁ የማላስታውስ ሴትዮ የትኛው ድንጋይ ሲረገጥ እንደሚነቃነቅ ልቅም አድርጌ አስታወስኩ። እየተናገርኩ ስሄድ አንዳንዴ ከኋላዬ የልጅ እግር ይሰማኛል። ዞር አልልም። ዞር ካልኩ ደረጃው ይጠፋብኛል።

መጨረሻ ላይ ማማው ደረሰ። የላይኛው ክፍል። የኩርፌ ክፍል።

ስሙን ከጻፍኩት ስንት ዘመኔ። ትንሹ ወንድማችን ባኮረፈ ቁጥር የሚወጣባት ያቺ ክፍል፣ ስሙም ከዚያው የመጣ። መስኮቷ ዝቅ ያለ ስለነበረ አባባ ልጅ እንዳይገባባት ከውጭ ይቀረቅራት ነበር። መቀርቀሪያው በአንድ ጣት የሚሄድ ነው፤ አባባ ዘይት ሲቀባ እጁ ለጋስ ነው። ብቻ እንዳንነካው ተከልክለን ነበር፤ ኩርፌ ግን መች ይሰማል።

ሽማግሌው ቱንቢውን ይዞ መጣና ግድግዳው ቀጥ ያለ ነበር ወይ አለኝ። አልነበረም አልኩት፤ በደረጃው በኩል ያለው ግድግዳ ወደ ደረጃው ያዘነበለ ነው። አባባ በሩን ራሱ ነበር የሰቀለው፤ ሰካራሙ እያለ ነበር የሚጠራው። ካልያዙት ቀጥ ብሎ አይቆምም ይል ነበር። ሽማግሌው ሳቀና ግድግዳውን እንደነገርኩት አዘነበለው። ከተሰበረ መነጽሬ ላይ ማጠፊያውን ፈታ፣ ከስፒል መቀርቀሪያ ሠራ፣ ትንሿን በር ሰቀላት። ስታምር ብታያት።

ከዚያ ጀመረኝ።

በጥፍሬ ዘጋ አድርጌያት ወደ ወጥ ቤት እሄዳለሁ፤ ስመለስ ተከፍታለች። ሽማግሌውን ለምን ትነካታለህ እለዋለሁ፤ እኔ ጓሮ ነበርኩ ይለኛል። ደግሜ እዘጋለሁ፤ ጀርባዬን ስሰጣት ትከፈታለች። የልጅ ልጄ መጥታ የማማው መስኮት ላይ ዓይኗን ሰክታ ቆየችና አያቴ እዚህ ማን ነው የሚኖረው አለችኝ። ማንም አልኳት። ታዲያ በሩን ማን ነው የሚከፍተው አለችኝ። ሂጂ እጅሽን ታጠቢ አልኳት፤ ሌላ ምን ልበላት።

ነፋሱ ነው ብዬ የሳሎኑን መስኮት ዘጋሁ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴ ደነገጥኩ። የመንገዱን በርም ዘጋሁ። መጋረጃው ቀጥ ብሏል፣ ቅጠል እንኳ የለም የሚነቃነቅ። ትንሿን በር ዘጋኋትና ፊት ለፊቷ ቁጭ አልኩ። ትንሽ ቆየች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ አንድ ሰው ከውስጥ በመዳፉ እንደሚገፋት፣ መጣች መጣችና ተከፈተች። ውስጡ ባዶ ነው። ከመስኮቱ ትንሽ ብርሃን ወለሉ ላይ ወድቋል፣ ሌላ ምንም የለም።

ሽማግሌውን ጠርቼ አሳየሁት። ኮላውን ከጣቱ እየላጠ፣ እንደዋዛ፣ ምን ያስገርማል አለኝ። ግድግዳው ካዘነበለ በሩም ወዳዘነበለበት ይሄዳል። ነፋስ ቢዘጋው እንኳ ተመልሶ ይከፈታል፤ መቀርቀሪያ ካልያዘው ተዘግቶ አይውልም አለኝ። ብሎኝም ወደ ሥራው ዞረ። እኔ ግን እዚያው ወንበር ላይ ቀረሁ፤ እራቱም አረረ።

ያን ቀን አስታውሺ አልልሽም። እኔ ያየሁትን ብቻ ልንገርሽ። እማዬ ውሃ ልትቀዳ ወርዳለች። እኔ ታች ለአባባ መሰላል ይዤለታለሁ። አንቺና ኩርፌ በብይ ተጣላችሁ፤ እሱ እንደልማዱ ከንፈሩን ጥሎ ወደ ማማው ወጣ፣ አንቺም ተከተልሽው። የወለቀው የፊት ጥርስሽ እንኳ ገና አልበቀለም ነበር፤ ያን ያህል ልጅ ነበርሽ። ብዙም ሳይቆይ አንድ እግር ጫማሽን ጥለሽ እየሮጥሽ መጣሽ። አባባ ገና ምን ሆንሽ ሳይልሽ፣ ነፋሱ ነው የዘጋው አልሽ። ኩርፌ በመስኮት ልውጣ ብሎ ወደቀ ከማለትሽ በፊት። ማንም ሳይጠይቅሽ። የቤታችን አመል ነው መቼም፤ እኔም አለብኝ።

አባባ ኩርፌን ከመሬት አንስቶ እማዬ ጭን ላይ ካስቀመጠው በኋላ፣ ማንም እንዳይከተለኝ ብሎ ብቻውን ወደ ማማው ወጣ። ቆየ። ሲወርድ ለተሰበሰበው ሰው ጥፋቱ የኔ ነው አለ፤ ሳልቀረቅረው ረስቼ ነፋሱ ዘጋበት። ያንቺን ቃል ነው የደገመው። ከዚያ በቀጥታ ወደ አንቺ መጣ፣ ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ አስቀመጠሽ፣ እስኪመሽ አላወረደሽም። እኔ አጠገቡ ቆሜ ለምን እሷን ብቻ እያልኩ ቀናሁ። አየሽ፣ በዚያ ቀን እንኳ ቀናሁብሽ።

የቀረውን ታውቂዋለሽ። ከሥራው አባረሩት፣ ከዋናው በር ሥር ካለችው ክፍላችንም ወጣን። እማዬ እስክትሞት ስሙን አልጠራችውም፤ ያ ዘበኛ ነበር የምትለው፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ እየበሉ። አንድ ቀን እንኳ መልስ ሰጥቷት አያውቅም። ዝምታው ጥፋቱን ማመኑ ነው ብዬ ነበር የኖርኩት። በሩን የሰቀለው እሱ መሆኑን፣ ሰካራም ብሎ ስም ያወጣለት እሱ መሆኑን አላሰብኩበትም። እዚያ ላይ ወጥቶ ምን እንዳየ፣ በጣቱስ ምን እንደነካ ከሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

አንቺ ቤት የመጣሁ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ከውጪው በር በቀር በቤትሽ አንድም በር የለም፤ ሁሉም መጋረጃ ነው። መታጠቢያ ቤትሽ ሳይቀር። ሰው እንዳይገባብኝ ቁጭ ባልኩ ቁጥር ስዘፍን፣ ባልሽ እንግዳዋ ደስ ብሏታል ሲል። ለአየር ነው አልሽኝ። ስቄ ልሞት ነበር። አሁን ልብስ ሳጥብ ትዝ ይለኝና እጄ ውሃው ውስጥ ይቆማል።

ኃላፊዋ ሰሞኑን ከትንሹ ማማ ጎን የሚለጠፈውን ጽሑፍ ይዛ መጣች። አስጎብኚዎቹ ሲያወሩት የኖሩት ነው፤ ቸልተኛው ዘበኛ በሩን ሳይቀረቅር ረስቶ የገዛ ልጁን እንዳጣ። ልክ ነው ወይ አለችኝ። አባባ በዚያ በር ላይ ለዘላለም ሊለጠፍ ነው እኮ። ልክ አይደለም ብላት ደግሞ ታዲያ ማን ልትለኝ ነው። ነገ ተመለሺ አልኳት።

ሽማግሌውን በሩን ንቀልልኝ አልኩት። ተቆጣ፤ እንዲህ ያለ ሥራ በዕድሜዬ አልሠራሁም፣ ዓይኔን ያፈሰስኩበት ነው አለ። ከዚያ ፊቴን አየና ወረንጦውን አነሳ። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ዘመን የቻልኩት።

በማግስቱ ኃላፊዋ ጎንበስ ብላ አየችና እዚህ ጋ በር አልነበረም ወይ አለችኝ። አልነበረም አልኳት። ክፍት ነበር፣ ነፋስ የሚገባበት የሚወጣበት። ልጁ ሲጫወት ወደቀ። ዘበኛው የሚረሳው ነገር አልነበረም። እንደዚያ ቀጥ ብዬ ዋሽቼ አላውቅም፤ ዓይኔን እንኳ አላርገበገብኩም። የአባባ ልጅ ነኝ ለካ። እሷም እሺ እማማ ብላ ሰረዘችው። በር ከሌለ የዘጋው የለ፣ የረሳውም የለ።

በሯ እዚሁ ፖስታ ውስጥ ናት፣ በጥጥ ጠቅልያታለሁ። ማጠፊያዋም መቀርቀሪያዋም አብሯት አለ። ከአውራ ጣቴ አትበልጥም፤ ይህችን ታክል ነገር። ጣያት፣ አቃጥያት፣ አስቀምጫት፣ ያንቺ ናት። መልስ አልጠብቅም። አባባ ትከሻው ላይ ያደረገሽ ግን ከማማው ከወረደ በኋላ ነው። ከመውጣቱ በፊት አይደለም። ይህን ብቻ ከኔ ያዢ።

ክፍሏ ያለ በሯ እንዴት እንደሆነች ትይኝ ይሆናል። ጸጥ ብላለች። ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ በመስኮቷ ይገባና በበሯ ቦታ ወጥቶ በደረጃው ይወርዳል። የልጅ እግሩ ግን ከዚያ ወዲህ አልተሰማኝም። ቅር ብሎኛል መሰለኝ።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ሳልሽን ይንቀልልሽ። እንቅልፍ ይስጥሽ እህቴ፣ የልጅ እንቅልፍ፣ የሚያባንን የሌለበት። ያደግንበትን እንደገና አብረን የምናይበት ዕድሜ ይስጠን፤ አልጋሽን ከኔ ጋ አነጥፋለሁ፣ መጋረጃም እሰቅልልሻለሁ

ይኸው እየጠሩኝ ነው። ግንቡን ሊወስዱ የመጡት ሰዎች ተሸክመውት በራችን ላይ ቆመዋል፤ አላልፍ ብሏል። ሽማግሌው የዚያን ሁሉ ግንብ በር ሲለካ የገዛ ቤቱን በር አልለካም። እኔ ብሆን ኖሮ ስንት ዓመት በሰደበኝ። አሁን በሩን ካልነቀልነው አይወጣም እያለ ነው፤ ነይ ያዢልኝ ይላል፣ ብቻዬን ይወድቅብኛል። መጣሁ እያልኩት ነው፣ አይሰማም። ልሂድ፣ በሩን ልያዝለት።

ታላቅ እህትሽ