ሸኚ የበዛበት መንገድ

ለተከበሩትና ለምወድዎት ታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ ሰገነት
አሰላ

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎ በዚህ ብርድ እንደማይተኛልዎት ስለማውቅ፣ ሐኪሙ ያዘዘልዎትን ቅባት ሳያቋርጡ መቀባትዎን ብሰማ ደስ ይለኛል። የሚያፈሰው ጣሪያስ ተጠገነ? የጓሮው ጎመን ከበረዶው ተረፈ ወይስ ዘንድሮም መታው? እኛ፣ ቸሩ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አለን። በጤና አለን ብዬ እንዳልጨምር የአክሱማዊት ዓይን ይከለክለኛል፤ በትዕግሥት አለን እንዳልል ደግሞ ከዚህ በታች የማሰፍረው ሁሉ ይመሰክርብኛል።

በስልክ የተጻፈ መልእክት ደብዳቤ አይባልም እያሉ ስለሚቆጡ፣ ይህን በእጄ ጽፌ፣ ፎቶ አንሥቼ በልጅ ልጅዎ በቅዱስ ስልክ ልኬዋለሁ። ሲያነብልዎት ቀስ ይበል፤ ነገሩ ብዙ ነው፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ከእርስዎ የምፈልገው አስቸኳይ ጉዳይ አለ።

ባለቤቴ ዓይኗን ቀዶ ሕክምና እንደተደረገላት ነግሬዎት ነበር። ያልነገርኩዎት፣ ሐኪሞቹ የተላቀቀውን የዓይኗን ስስ ሽፋን ቦታው ላይ እንዲይዝላቸው ብለው ውስጡን ጋዝ መሙላታቸውን ነው። ጋዙ እስኪጠፋ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ አንገቷን ደፍታ እንድትቆይ፣ አውሮፕላን ደግሞ ፈጽሞ እንዳትሳፈር ታዝዛለች። ሰማይ ላይ ጋዙ ያብጥና ዓይኗን ሊያጠፋው ይችላል ብለውናል። ልጃችን ሶልያና በበኩሏ ሃሊፋክስ ላይ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ቀኗን እየጠበቀች ነው። ሃሊፋክስ ከቶሮንቶ በመኪና የቀናት መንገድ ነው።

አክሱማዊት ሶልያናን የወለደቻት እዚህ አገር በገባንበት በመጀመሪያው የበረዶ ወራት እንደነበር ያስታውሳሉ። ያን ጊዜ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚላት አንድ ሴት አልነበረም። አዋላጇ ደግ ሴት ነበረች፤ ግን ኮንግራጁሌሽንስ ብላት ወደ ሌላው ክፍል ሄደች። ልጄ በተራዋ ስትወልድ ይህን ቃል ከእኔ አፍ ቀድማ ከማንም አትሰማም ብላ አክሱማዊት የቆረጠችው ያኔ ነው። እንግዲህ የእኔ ሥራ እርሷን ከቀኑ በፊት ማድረስ ነው፤ ሌላ ሥራ የለኝም።

የእድራችን አባል ስለሺ አርቪ የሚሉትን መኪናውን አዋሰን። አልጋ፣ ምድጃና መጸዳጃ ያለው፣ ከውጭ ሲያዩት የዳቦ ማመላለሻ የሚመስል መኪና ነው። አክሱማዊት ሲደክማት ዳር ይዤ እቆማለሁ፤ እርሷም በደረቷ ተኝታ ታርፋለች። ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። መኪናው ሲገኝ ማደሪያው እንደሚጠፋ ማን ነግሮኝ?

እትዬ፣ ይህ አገር ደኑ ማለቂያ የለውም፤ ሐይቁን ቆጥሮ የጨረሰው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሆኖም አንድ ሽማግሌ መኪናውን አቁሞ በመጠነኛ ዋጋ የሚያድርበት መሬት የለውም። የመንግሥት ማደሪያዎች ከአምስት ወር በፊት መያዝ ይጀምራሉ። የሚስቴ ዓይን በሰኔ እንደሚታመም በጥር ማወቅ ነበረብኝ ማለት ነው። ከግሎቹ አንዱ ከሦስት ሌሊት በታች አላከራይም አለኝ። እኔ አሳድሩኝ አልኩ እንጂ አኑሩኝ አላልኩም። ሌላው የመኪናውን ዕድሜ ጠየቀኝና፣ ዐሥር ዓመት ያለፈው መኪና የግቢያችንን መልክ ያበላሻል አለኝ። የሾፌሩን ዕድሜ ከመጠየቁ በፊት ስልኩን ዘጋሁት። ሦስተኛው በዋጋው ካስደሰተኝ በኋላ፣ ውኃው ለብቻ፣ መብራቱ ለብቻ፣ የፍሳሹ መድፊያ ለብቻ እያለ ሆቴል ዋጋ አደረሰኝ። በነፃ ያሳድራል የተባለው ደግሞ የቁማር ቤት መኪና ማቆሚያ ሆኖ ተገኘ። የእድራችን የሽማግሌዎች ጉባኤ ሰብሳቢ የሆንኩት እኔ በማለዳ ከቁማር ቤት ግቢ ስወጣ አንድ ሐበሻ ቢያየኝ፣ የሐበሻ ምግብ ቤት በሞላበት በዳንፎርዝ መንገድ ላይ የሚወራውን መገመት አያዳግትዎትም።

ያም ሆኖ፣ ሌሎች የሰረዙትን ቦታ እየለቃቀምኩ፣ የየሌሊቱን ማደሪያ አንዱን ከአንዱ አያያዝኩ። አንድ ቀን ብንዘገይ የሁሉም ቀን እንደሚያልፍብን ግን አውቅ ነበር።

ዓርብ ተነሣን። የመጀመሪያው ማደሪያችን ሐይቅ ዳር ነበር፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስን። አክሱማዊት ከእንጨቱ ጠረጴዛ ላይ ግንባሯን አሳርፋ የውኃውን ድምፅ ስታደምጥ መኪና መጣ። ከኋላው ሌላ፣ ከዚያም ኋላ ሌላ፤ የግቢው መንገድ እስኪዘጋ ድረስ። ስለሺ የምናድርበትን ቦታ በእድራችን ቴሌግራም ላይ አውጥቶት ኖሯል። ግማሹ የሰፈራችን የስካርቦሮ ሐበሻ ሊሸኘን መጥቶ ነበር። መንገደኛን እስከ መጀመሪያ ማደሪያው መሸኘት በእርስዎም ቤት የነበረ ወግ ነውና አልነቅፈውም። ድፎ ዳቦውን፣ ወጡን ከነድስቱ፣ የሚታጠፈውን ወንበር ተሸክመው ነው የመጡት። ቄሱም መጥተው የመንገድ ጸሎት ጀመሩ።

በጸሎቱ መካከል የግቢው ጠባቂ ደረሰች። ወጣት ናት፤ ባርኔጣዋን አውልቃ ቡራኬው እስኪያልቅ ቆማ ጠበቀች፤ ይህን አልረሳላትም። ከዚያ ለአንድ ቦታ የተፈቀደው ስድስት ሰው ብቻ መሆኑን አስረዳችን። ስለሺ፣ እነዚህ ሰፋሪዎች አይደሉም፣ ሸኚዎች ናቸው ብሎ ተከራከራት። እስከ የት ነው የምትሸኙት ስትለው እስከ መጀመሪያው ማደሪያ አላት። እንግዲያው ደርሳችኋል፣ በሰላም ተመለሱ አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ የተንቀሳቀሰ ግን አልነበረም፤ ይልቁን ወንበሩ ይዘረጋ፣ ድስቱ ይከፈት ጀመር። ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞረች።

«ጌታዬ፣ ቦታው የተያዘው በእርስዎ ስም ነው። ስድስቱን ይምረጡና ይንገሩኝ፤ ሌላው ይሂድ» አለችኝ።

እትዬ፣ አገር ቤት ሳለሁ ለዓመታት ችሎት ላይ ተቀምጫለሁ፤ እንቅልፍ የሚነሣ ፍርድም ፈርጃለሁ። አክሱማዊትና እኔ ሁለት ነን፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አራት ሰው መምረጥ ግን አቃተኝ። ቄሱን እንዴት እመልሳለሁ? ስለሺንስ በገዛ መኪናው ተቀምጬ? ከጉባኤው ሽማግሌዎች አንዱን አስቀርቼ ሌላውን ባሰናብት የተሰናበተው እስከ ቀብሬ ድረስ ያነሣብኛል። ሁላችሁም ሂዱ እንዳልል ምግብ ተሸክሞ የመጣን ሰው ከነምግቡ መመለስ ነው። ስለዚህ አብረን ነን፣ አብረን እንወጣለን ብዬ ተነሣሁ። አጨበጨቡልኝ። እልል ያለችም ነበረች። መኪናውን አዙሬ ወደ ቤቴ ጉዞ ጀመርኩ፤ እነርሱም ከኋላ ተከትለው እስከ ስካርቦሮ መልሰው ሸኙኝ።

ደጃችን ስንደርስ አክሱማዊት ቀና ሳትል፣ «ፀጋዬ፣ እኔ አንገቴን የደፋሁት በሐኪም ትእዛዝ ነው። አንተን ማን አዘዘህ?» አለችኝ።

በሩን ከፍቼ እጇን ይዤ አስገባኋት።

በማግስቱ ሶልያና ደውላ፣ ዳዲ፣ ፎር ፒፕል ፒክ ማድረግ ምን ይከብዳል ብላ ሞገተችኝ። እዚህ ላደገ ልጅ ቀላል ነው፤ አልፈርድባትም። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሐኪሟ ምጡ ከቀኑ ሊቀድም ይችላል እንዳላት ነገረችኝ፤ ለእናቷም እንዳልነግር ለመነችኝ። እናቷ ግን አጠገቤ ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታለች። ተነሥታ ሻንጣዋን በዳሰሳ እንደገና ማዘጋጀት ጀመረች። ሥራዬን በቁጣ ሳይሆን በእፍረት የቀጠልኩት ከዚያ በኋላ ነው።

የተያያዘው ማደሪያ ሁሉ ተበታትኗል፤ ክፍያውንም የሚመልስልኝ የለም። ከቅዳሜ ጠዋት ጀምሮ ስልክ ይዤ ውያለሁ። በመጨረሻ የአንድ ትልቅ መደብር ሥራ አስኪያጅ ከመኪና ማቆሚያው ጥግ አንድ ሌሊት እንድናድር ፈቀደልኝ፤ ወንበር ውጭ አታውጡ፣ ማልዳችሁ ተነሡ አለኝ እንጂ ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። እንደዚህ ያለ ሰው ይባረክ። ከኩቤክ ከተማ ወዲያ አንድ የተሰረዘ ቦታ አገኘሁ። ኒው ብራንስዊክ ውስጥ ደግሞ አንድ የብሉቤሪ ገበሬ፣ ፍሬዬን ከገዛችሁኝ ከጎተራዬ አጠገብ እደሩ ብሎኛል። የቀረኝ የማክሰኞ ሌሊት ነው፤ ሞንትሪያል።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም እየመጣ ይክሰኝ ገባ። አንዱ ሞንትሪያል ወንድም አለኝ ይላል፤ ሌላው የአጎቴ ልጅ ድራይቭዌዩ፣ የደጁ መኪና ማቆሚያ ማለቱ ነው፣ አውቶቡስ ያቆማል ይላል። በነፃ ነው ይሉኛል። እኔ ግን ሐበሻ ደጅ በነፃ ማደር ምን እንደሚያስከፍል አውቃለሁ። እራት ይመጣል፤ ከእራቱ ጋር ጎረቤት ይመጣል፤ ጠዋት ቁርስ ሳትበሉ፣ ቁርሱ ሲያልቅ ምሳው ደርሷል፣ ባለቤቴ ካለችበት ሳትመለስ አትሄዱም ይባላል። ቀኑ በፍቅር ይበላል። የካናዳ ማደሪያ አላስገባም ብሎ አስመረረኝ፤ የእኛ ሰው ደግሞ አላስወጣም ይለኛል።

ከሁሉ የተሻለው የባልዎ የእህት ልጅ ገብረእግዚአብሔር ነው። ቤቱ ከአውራ ጎዳናው ቅርብ ነው፤ ደጁም ሰፊ ነው። ነገር ግን የዛሬ ሁለት ዓመት ለሰላምታ ብቻ ብንገባ እንዴት አድርጎ እንዳቆየን ሰምተዋል። እኔ ብነግረው ይስቃል፤ የሚፈራው እርስዎን ብቻ ነው። አስቸኳዩ ጉዳይ ይህ ነው። ይህ እንደተነበበልዎት ይደውሉለት። በግ እንዳይገዛ፣ ሰው እንዳይጠራ፣ ማልደን ስንነሣ በር ላይ እንዳይቆም ይዘዙት። አክሱማዊትን ሰላም ብሎ አንድ ሳህን ሾርባ ቢያቀርብላት ይበቃል። ይህን አልሰማም ካለ ደጁ ይቅርብኝ፤ ቁማር ቤቱ አድራለሁ።

ነገ ሰኞ፣ ጎረቤት ሳይነሣ እንወጣለን። ለስለሺም፣ ለቄሱም፣ ለጉባኤውም አልተናገርኩም። ሳይሰናበቱ መሄድ በእኔ ዕድሜ ነውር ነው፤ ነውሩን ተሸክሜ እሄዳለሁ። እባክዎን እስከ ረቡዕ ለማንም አይንገሩ፤ አሰላ የተነገረ ነገር እኔ ከስካርቦሮ ሳልወጣ ዳንፎርዝ ይሰማል።

ለቅዱስ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ፤ ጽሕፈቴን አሳምሮ በማንበቡ አመሰግነዋለሁ፤ እርሱም አፉን ይያዝ። ለልጅዎ ለሐሴት፣ ለባሏ ለጥጋቡ፣ በስማቸው ላልጠራኋቸው ሕፃናት ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። ለጎረቤትዎ ለወይዘሮ ሔለን ግን ሰላምታዬን ከረቡዕ በኋላ ያድርሱልኝ።

እትዬ፣ በዚህ ጉዞ የምንሰናበተው እርስዎን ብቻ ነው። እስከ ዓርብ ሃሊፋክስ እንደርሳለን ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ደብዳቤው ሲያልቅ ይነሡና ይመርቁን፤ ማርያም ልጃችንን በሰላም ታገላግልልን፣ አክሱማዊት በሩን እስክትገባ ድረስ ግን ጥቂት ታቆይልን ይበሉ።

ወንድምዎ ፀጋዬ
ስካርቦሮ፣ ቶሮንቶ
እሑድ፣ ሐምሌ ፲፫ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.